ተክለሃል ወይስ ነቅለሃል?

የሐበሻ ቀሚስ ጥለት ላይ ያለው ቀይ ዛሬ በአብዛኛው የፋብሪካ ቀለም ነው። በደጋችን ቁጥቋጦ ውስጥ ግን ልብስ የምትይዝ ሻካራ ሐረግ አለች፤ ሳይንሱ ሩቢያ ይላታል፣ የቡና ዘመድ ናት። ቀዩ ቀለም ያለው ሥሯ ውስጥ ነው። ችግሩም እዚህ ጋ ነው፤ ቀለሙን ለማግኘት ሥሩ መነቀል አለበት። ሁሉም ከጫካ እየነቀለ ከሸጠ ምን ይተርፈናል?

መፍትሔው መትከል ነው። ማቆጥቆጥ የጀመረ የሥር ቁራጭ፣ የላላ አፈር፣ የምትንጠላጠልበት አጥር፤ በቃ። ከዚያ ትዕግሥት። እ.ኤ.አ. በ1868 ጀርመኖች ቀለሙን በላብራቶሪ እስኪሠሩት ድረስ፣ የአውሮፓ ገበሬዎች የእሷን ዘመድ ተክለው ሥሩን 3 ዓመት ገደማ ይጠብቁ ነበር።

እናንተም «የተፈጥሮ ቀለም» የሚል ፖስት ስታዩ ዋጋ ብቻ አትጠይቁ። «ተክለሃል ወይስ ነቅለሃል?» በሉት።