ጣሳው የኛ፣ ቁጠባው የእነሱ

ሠላሳና አርባ ሺህ ዶላር የተከፈለበት የስፖርት መኪና ገና አዲስ እያለ፣ ባለቤቱ ከኪሱ ሌላ መቶ ሁለት መቶ ዶላር አውጥቶ «ካች ካን» የሚሉትን የዘይት ማጥመጃ ጣሳ ገዝቶ ሞተሩ ላይ ያስራል። አሜሪካ ያላችሁ አንባቢዎች ይህን በደንብ ታውቁታላችሁ። የማያውቅ ሰው ሲያየው የወጣት ጌጥ ይመስለዋል። አንዳንዱ መካኒክ «ብርህን አታባክን» ይላል። መኪናውን የሸጠው ድርጅት ደግሞ «ይህን ካሰርክ ዋስትናህን እርሳው» ብሎ ያስፈራራል። ሁሉም ጣታቸውን የሚቀስሩት ገዢው ላይ ነው። ለመሆኑ ጣሳው ለምን አስፈለገ ብሎ ፋብሪካውን የሚጠይቅ ግን የለም።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ቤንዚን ሲሊንደር ውስጥ ሲነድ ከሚፈጠረው ጋዝ ጥቂቱ በፒስተኑ ፋሻ ጎን ሾልኮ ዘይቱ ወዳለበት የሞተሩ ሆድ ይወርዳል። እዚያ ከዘይት ጤዛና ከውሃ እንፋሎት ጋር ይደባለቃል። መውጫ ካላገኘ ግፊቱ እየጨመረ የዘይት መያዣ ጎማዎቹን ገፍቶ ያፈሳል። ድሮ በቱቦ ወደ መንገድ ይለቀቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ካሊፎርኒያ ከአየር ብክለት ጋር ስትታገል፣ ጋዙ በአየር መግቢያው በኩል ተመልሶ ሞተሩ ውስጥ እንዲቃጠል ተደረገ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ጥሩ ሕግ ነበር፣ ዛሬም ጥሩ ነው። ኢንጀክተሩ ቤንዚኑን የሚረጨው ከማስገቢያ ቫልቩ ጀርባ ስለነበር፣ ዘይቱ ቫልቩ ላይ ቢያርፍም ቤንዚኑ አጥቦ ይወስደው ነበር።

ቀጥታ መርጫ ያለው ሞተር ይህን አጣቢ አስቀረ። ቤንዚኑ በመቶዎች በሚቆጠር ባር ግፊት በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ይረጫል። ጥቅሙን አልክድም። ቤንዚኑ እዚያው ሲተን አየሩን ያቀዘቅዘዋል፣ ስለዚህ ሞተሩ ሳያንኳኳ የበለጠ መጭመቅ ይችላል። ኃይል ይገኛል፣ ነዳጅም ይቆጠባል። ሐሳቡም አዲስ አይደለም፤ መርሴዲስ በ1954 ለሕዝብ ያሳያት 300ኤስኤል ቀጥታ መርጫ ነበራት። ሚትሱቢሺ በ1996 ለተራው ገበያ አቀረበው። በ2000ዎቹ ደግሞ ሁሉም ተከተለ። ነገር ግን የሚያጥበው ቤንዚን ቢቀርም ዘይቱ መምጣቱን አላቆመም። በጋለ ቫልቭ ላይ የሚያርፍ ዘይት፣ ምጣድ ላይ ተረስቶ እንዳረረ ዘይት ይጋገራል። ጥቁር ቅርፊት ይሠራል፣ የአየሩን መንገድ ያጠባል። መኪናው ጠዋት ሲነሳ ይንቀጠቀጣል፣ ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል። ነዳጅ ማደያ የሚሸጥላችሁ «የሞተር ማጽጃ» ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ስለሚሄድ ቫልቩ ዘንድ አይደርስም። የሚፈታው መግቢያው ተፈትቶ፣ በተፈጨ የዋልነት ቅርፊት በግፊት አየር ሲመታ ነው። ይህም በአሜሪካ ጋራዥ ብዙ መቶ ዶላር ነው።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ ይህ ነው፦ መሐንዲሶቹ አያውቁም ነበር?

ያውቁ ነበር። ቶዮታ በ2005 ሌክሰስ አይኤስ 350 ላይ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ኢንጀክተር ገጠመ፤ አንዱ በቀጥታ ይረጫል፣ ሌላው እንደ ድሮው ከቫልቩ ጀርባ። በ2012 የወጡት ቶዮታ 86 እና ሱባሩ ቢአርዜድም ይህንኑ ይዘው ነው የመጡት። እነዚህ እኮ በወጣት ደመወዝ ሊገዙ የተሠሩ የስፖርት መኪኖች ናቸው፤ «ዋጋው አይፈቅድም» የሚለው ሰበብ እዚያው ላይ ይወድቃል። ፎርድ በ2017 ለትልቁ ኢኮቡስት ሞተሩ፣ በ2018 ደግሞ ለማስታንግ ጂቲ ሁለተኛ ኢንጀክተር ጨመረ። በዚያው ዓመት ከጎኗ የምትሸጠው ባለ 2.3 ሊትሩ ቱርቦ ማስታንግ ግን ቀጥታውን ብቻ ይዛ ቀረች። በስምንት ሲሊንደር ላይ የተቻለ ነገር በአራት ላይ የሚያቅት አይመስለኝም።

ከሁሉም የሚገርመኝ የፎልክስዋገን ጉዳይ ነው። ጎልፍ ጂቲአይ ሰባተኛው ትውልድ ሲወጣ፣ በአውሮፓ የተሸጠው ሞተር ሁለቱም ዓይነት ኢንጀክተር ነበረው። የአሜሪካው ገዢ ያንኑ ስም፣ ያንኑ ሁለት ሊትር ቱርቦ ሲገዛ ሁለተኛው አልተሰጠውም። አውሮፓ የጥቃቅን ጥላሸት ልቀትን በሕግ ስላጠበቀች እዚያ መግጠም ግድ ሆነ፤ ያላስገደደው አገር ገዢ ቀረበት። ስለ ጥራት የሚለፈፈው ማስታወቂያ በሁለቱም አህጉር አንድ ነው።

ሜሪላንድ የሚኖር የአክስቴ ልጅ አለ፤ የመኪናውን ስም አልጠራም። ዋስትናው ካለቀ ብዙም ሳይቆይ መንቀጥቀጥ ጀመረችበት። ወደ ሸጡለት ሰዎች ሲወስዳት «በዚህ ዓይነት ሞተር ይህ የተለመደ ነው» አሉትና የማጽጃውን ሂሳብ ሰጡት። የተለመደ ከሆነ ሲሸጡለት ለምን አልነገሩትም?

ስለ ዋስትናው ማስፈራሪያም አንድ ነገር ልበል፣ ብዙ ወገን በዚህ ይሸወዳልና። በአሜሪካ ከ1975 ጀምሮ ማግኑሰን–ሞስ የሚባል የዋስትና ሕግ አለ። የሌላ ድርጅት ዕቃ ስለገጠማችሁ ብቻ ዋስትናችሁን በጅምላ መሰረዝ አይችሉም፤ ዕቃው ጉዳቱን ማድረሱን ማሳየት የእነሱ ፋንታ ነው። ሻጩ በቃል ሲያስፈራራችሁ «በጽሑፍ ስጠኝ» በሉት። ነገር ግን ሕጉ ወደ እናንተም ያያል። ጋዙን በጣሳው በኩል ወደ ውጭ መልቀቅ በፌዴራሉ የንጹህ አየር ሕግ የልቀት መሣሪያን እንደ መነካካት ይቆጠራል። ካሊፎርኒያ ያላችሁ ደግሞ የምትገዙት ጣሳ የግዛቲቱ የአየር ቦርድ የፈቃድ ቁጥር እንዳለው ሳታዩ አትክፈሉ።

ጣሳ ሻጮቹንም ዝም አልላቸውም። «ቫልቭህ ዕድሜ ልክ ንጹሕ ይሆናል» የሚለው ውሸት ነው። ቅርፊቱ የሚመጣው ከዚያ ቱቦ ብቻ አይደለም፤ በቫልቩ ዘንግ ጎን የሚወርድ ዘይትም፣ ከሲሊንደር ወደ ኋላ የሚመለስ ጥላሸትም አለ። ጣሳው ይቀንሳል እንጂ አያስቀርም። ውስጡ ባዶ የሆነ ርካሽ ጣሳ ደግሞ መቀነሱም ያጠራጥራል፤ ጤዛው የሚጠመደው ውስጥ ያለው ወንፊትና ግድግዳ ላይ ተጋጭቶ ሲንጠባጠብ ነው።

ቱርቦ ባላቸው ሞተሮች ላይ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ሌላ ቦታ ነው። ጋዙ ሁለት መውጫ አለው። በዝግታ ስትነዱ በቫልቭ አድርጎ ወደ ማኒፎልዱ ይሳባል፤ ነዳጅ ስትረግጡና ቱርቦው ሲነፋ ያ መንገድ ይዘጋና በሌላው ቱቦ ከቱርቦው በፊት ወዳለው አየር መግቢያ ይሄዳል። አንዱን መንገድ ብቻ በጣሳ የዘጋ ሰው፣ ልቡ እስኪጠፋ በሚነዳበት ሰዓት ዘይቱ በሌላው በኩል እንደሚያልፍ ይወቅ። ቱቦው ዘይት የሚችል ይሁን፤ የራዲያተር ውሃ ቱቦ ቆርጦ መግጠም በዘይት አብጦ ይላላል። ጣሳው በየዘይት ቅያሬው፣ በክረምት ደግሞ ከዚያም ቶሎ ቶሎ ይደፋ። በረዶ ባለበት አገር ውስጡ የሚጠራቀመው ከዘይቱ ይልቅ ውሃው ይበዛል፤ ሲቀዘቅዝ መንገዱን ይዘጋል፣ ግፊቱም የኋላውን የዘይት ጎማ ሊያፈነዳ ይችላል። ያኔ ቫልቭ ለማዳን የገባው ጣሳ ሞተር ያስወርዳል። የተጠራቀመውን ከአሮጌው ዘይት ጋር አስረክቡ፤ ጓሮ አትድፉት።

አዲስ አበባ ላላችሁም አንድ ቃል። መንግሥት በ2024 መጀመሪያ የቤንዚንና የናፍጣ መኪና እንዳይገባ ከወሰነ ወዲህ፣ በእጃችሁ ያለችው መኪና ብዙ መቆየት አለባት። በከተማው የምናያቸው አብዛኞቹ ቪትዞች ቤንዚን የሚረጩት በድሮው መንገድ ነው፤ ለእነሱ «ጣሳ ላስርልህ» የሚላችሁን አትስሙት። ቀጥታ መርጫ ያለው አዲስ ሞተር የያዛችሁ ግን ዘይቱን በጊዜው ቀይሩ፣ ጠዋት ጠዋት መንቀጥቀጥ ከጀመረም ካርቦን መሆኑ ሳይጣራ ኢንጀክተር እንዲቀየርላችሁ አትፍቀዱ።

ውጭ ሆናችሁ መኪና ልትገዙ የምትሄዱ ደግሞ፣ ሻጩ ስለ ፈረስ ጉልበቱ ማውራት ሲጀምር አቁሙትና «ለአንድ ሲሊንደር ስንት ኢንጀክተር አለው?» ብላችሁ ጠይቁት። «አንድ፣ ቀጥታ» ካላችሁ የቫልቭ ማጽጃውንና የጣሳውን ዋጋ ደምራችሁ ከዚያው ላይ እንዲቀንስላችሁ ተከራከሩ።