አልሞተም፣ ድራይቨር ነው የጎደለው!

ዛሬ ትንሽ መረር ብዬ ልናገር ነው፤ ታገሱኝ።

«ኔትወርክ አይሰራም፣ ኮምፒውተሩ አርጅቷል፣ በአዲስ ይቀየር።» ይቺን ፍርድ በየትምህርት ቤቱና በየመስሪያ ቤቱ ሰምቼ ሰምቼ ሰለቸኝ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ስቶር ይገባል፣ አቧራ ይጠጣል፣ በመጨረሻም የቆራሌ ሲሳይ ይሆናል። ልጆቹ ደግሞ አይሲቲን በጥቁር ሰሌዳ ይማራሉ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በኦንላይን መሰጠት በጀመረበት ዘመን ማውስ በወጉ ሳይጨብጥ የሚፈተን ልጅ አለ እኮ! የምናደደው ለእሱ ነው።

እስቲ «ሞተ» የተባለውን እንመርምረው።

አንደኛ፣ ኬብሉ ሲሰካ የካርዱ መብራት በራ? ከበራ ካርዱ ሞቷል ለማለት አትቸኩሉ። ካልበራም ሌላ ኬብልና ሌላ የስዊች ቀዳዳ ሳትሞክሩ አትፍረዱ።

ሁለተኛ፣ ዲቫይስ ማናጀርን ክፈቱ። «ኢተርኔት ኮንትሮለር» የሚል ስም ከቢጫ ቃለ አጋኖ ጋር ካያችሁ ደስ ይበላችሁ። ኮምፒውተሩ ካርዱን አይቶታል፤ የጎደለው ድራይቨር ብቻ ነው። ብዙውን ጊዜ ይሄ የሚመጣው ከፎርማት በኋላ ነው። የዊንዶውስ 7 ዲስክ ከእሱ በኋላ ለተሰራ ካርድ ድራይቨር ከየት ያመጣል?

ሦስተኛ፣ እዚያው ፕሮፐርቲስ ውስጥ ዲቴይልስ፣ ከዚያ ሃርድዌር አይዲስ የሚለውን ምረጡ። የአምራቹና የካርዱ መለያ ቁጥር እዚያ ተጽፏል። የኢንቴል ቁጥር 8086 ነው፤ በ1978 እ.ኤ.አ. ባወጣው ታዋቂ ቺፕ ስም። የሪልቴክ ካርዶችም 8139 ወይም 8168 እያሉ ራሳቸውን ይናገራሉ። ድራይቨር የሚፈለገው በዚህ ቁጥር ነው እንጂ በኮምፒውተሩ ቀለምና ዕድሜ አይደለም። 32 ቢት ይሁን 64 ቢትም አረጋግጡ። «ሁሉንም ድራይቨር በአንዴ» የሚሉ ፕሮግራሞችን ግን ተዉአቸው፤ ብዙዎቹ ያልጠራችሁትን እንግዳ ይዘው ይገባሉ።

«ኢንተርኔት በሌለው ኮምፒውተር ድራይቨር እንዴት ይወርዳል?» የሚል ይኖራል። በሌላ ማሽን አውርዶ በፍላሽ ማምጣት ነዋ! ወይም ስልካችሁን በዩኤስቢ ሰክታችሁ ኢንተርኔቱን አጋሩት። ጥርጣሬ ካለ ሊኑክስን ከፍላሽ አስነሱ፤ እዚያ ኔትወርኩ ከሰራ ካርዱ ጤነኛ ነው፣ ክርክሩ አለቀ።

ካርዱ ከምር ተቃጥሎም ከሆነ የሚቀየረው ካርዱ ነው። ክዳኑን ከፍታችሁ ማዘርቦርዱ ላይ ረጅሙ የድሮ ፒሲአይ ነው ያለው ወይስ አጭሩ ፒሲአይ ኤክስፕረስ? አይታችሁ የሚገጥመውን ግዙ። ለአንድ ካርድ ብሎ ሙሉ ኮምፒውተር መቀየር ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

አውቃለሁ፣ «ዊንዶውስ 10 እንኳን ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፣ በአሮጌ ማሽን ምን ይሰራል?» ትሉኛላችሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። እንዲህ ያለ ማሽን ላይ የባንክና የደመወዝ ሥራ አትሥሩበት፤ እኔም አልመክርም። ግን ቀለል ያለ ሊኑክስ ይጫንበታል። ለመተየብ፣ ለመለማመድ፣ በክፍሉ ውስጥ እርስ በርስ ለማገናኘት ከበቂ በላይ ነው። ፓወር ሰፕላዩም ማዘርቦርዱም የሄደ ማሽን ካለ በክብር ይሰናበት። ጠቤ ሳይመረመር ከሚቀበረው ጋር ነው።

ሥራው ሰዓት እንደሚፈጅም አልክድም። ግን አዲስ ግዢ እስኪፈቀድ ያ ክፍል ስንት ሴሚስተር ተዘግቶ ይቆያል? የአንድ ከሰዓት ሥራ ይበልጣል ወይስ የአንድ ዓመት ትምህርት?

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ በየቦታው የአይሲቲ ባለሙያ ሆናችኋል፤ እኮራባችኋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። የጥገና ቅጽ ላይ «አርጅቷል» ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት የካርዱን ቁጥር ጻፉበት። ኃላፊዎችም ቁጥር የሌለበት ቅጽ ሲመጣላችሁ መልሱት። ቁጥሩን ያልጻፈ ሰው ኮምፒውተሩን አልመረመረውም፤ ቀበረው እንጂ።

ስቶር ውስጥ «የሞተ» ያላችሁ ቁጥሩን ኮመንት ላይ አስቀምጡ፣ አብረን እናየዋለን።