ጓደኝነትም ትምህርት ይፈልጋል

በሀገራችን ስለ ኦቲዝም ሲነሳ የብዙዎቻችን ሐሳብ የሚሄደው አፉን ሊፈታ ወደዘገየ ሕፃን ነው። ሕፃኑ ግን ያድጋል። ከኦቲዝም ጋር የሚኖሩ አንዳንድ ልጆች ፊደል ቆጥረው፣ ክፍል አልፈው 9ኛ ክፍል ይደርሳሉ። በዚህ ጊዜ ቤተሰብም መምህራንም «ከዚህ በኋላ ችግር የለም» ብለው እፎይ ይላሉ። ለብዙዎቹ ታዳጊዎች ግን ከባዱ ጊዜ የሚጀምረው ያኔ ነው። የዛሬው መልእክታችንም የሚያተኩረው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ባሉ በእነዚህ ልጆች ላይ ነው።

ኦቲዝም በወላጅ አስተዳደግ ጉድለት ወይም በእርግማን የሚመጣ አይደለም። ከአእምሮ እድገት ጋር የተያያዘ፣ ከልጅነት ጀምሮ የሚታይና ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ሁኔታ ነው። ሐኪሙ ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 የ11 ልጆችን ሁኔታ ዘርዝሮ ካሳተመ ወዲህ ብዙ ጥናት ተካሂዶበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ100 ሕፃናት በአንዱ ላይ እንደሚገኝ ሲገልጽ ቆይቷል። በደም ምርመራ የሚታወቅ ባለመሆኑ ባለሙያ የልጁን ጠባይና የእድገቱን ታሪክ መርምሮ ነው የሚለየው። በትምህርታቸው ደህና የሆኑ ልጆች፣ በተለይም ሴቶች፣ ሳይለዩ ሊያድጉ የሚችሉትም ለዚህ ነው።

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፈተናው ምንድን ነው? ሌላው ተማሪ በማየት ብቻ የሚለምደውን ነገር ኦቲዝም ያለበት ታዳጊ አንድ በአንድ ካልተነገረው ላይጨብጠው ይችላል። መምህሩ «ጆሯችሁን ስጡኝ» ሲሉ ቃሉን እንዳለ ወስዶ ግራ ይጋባል። «እንዴት ነህ? ቤተሰብ ደህና?» የሚለው የዘወትር ሰላምታ አጭር መልስ እንደሚበቃው ስለማያውቅ የቤቱን ጉዳይ ሁሉ ሊዘረዝር፣ ወይም ዝም ብሎ ሊያልፍ ይችላል። በእረፍት ሰዓት የትኛው ቀልድ እንደሆነ፣ የትኛው ስድብ እንደሆነ መለየት ይቸግረዋል። ውጤቱ «ኩሩ ነው»፣ «ባለጌ ነው» የሚል ስም ነው። ብቸኝነቱ ሲደጋገም ደግሞ ጭንቀትና ድባቴ ይከተላል።

ጉዳዩን በአፋር ክልል ዱብቲ ላይ ሆነን እንየው። እዚያ አንድ ተማሪ በቤቱ አፋርኛ፣ በገበያው አማርኛ፣ በክፍሉ እንግሊዝኛ ሊጠብቀው ይችላል። በእያንዳንዱ ቋንቋ የአክብሮቱም የቀልዱም ልክ ይለያያል። የአዋሽ ሸለቆ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲያልፍ፣ በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ ድምፅና ብርሃን አብዝቶ ለሚሰማው ልጅ መቀመጡ ራሱ ትግል ነው። እንዲህ ያለውን ተማሪ ከመቆጣት ይልቅ ጥላ ያለበትና ጸጥ ያለ ቦታ አሥር ደቂቃ ማሳረፍ ብዙ ግጭት ያስቀራል።

በሌላ በኩል የአፋር ማኅበረሰብ ለዚህ ትምህርት የሚሆን የራሱ ሀብት አለው፤ ዳጉ። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ይለዋወጣሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ከዚያም ያዩትንና የሰሙትን በየተራ ይነጋገራሉ። አንዱ ሲናገር ሌላው ያደምጣል፤ ወሬው ከየት እንደመጣ ይጠይቃል። ማኅበራዊ ክህሎት ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። መጀመሪያው፣ መሐሉና መጨረሻው የታወቀ ጭውውት፣ ያልተጻፈ ሕግ ለሚያደናግረው ታዳጊ ምቹ ነው። መምህራን ይህንኑ ሥርዓት በክፍል ውስጥ ማለማመድ ይችላሉ።

አሠራሩ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ከአራት እስከ ስድስት የሚሆኑ ተማሪዎችን፣ ኦቲዝም ያለባቸውንም የሌለባቸውንም ቀላቅሎ በሳምንት አንድ ጊዜ መሰብሰብ ይቻላል። በአንድ ቀን አንድ ክህሎት ብቻ ይመረጣል፤ ጨዋታ ውስጥ እንዴት እንደሚገባ፣ ወሬ እንዴት እንደሚቋጭ፣ ሳይስማሙ እንዴት እንደሚነጋገሩ። መምህሩ በመጀመሪያ ለምን እንደሚያስፈልግ ይናገራል፣ ቀጥሎ ሠርቶ ያሳያል፣ ከዚያ ተማሪዎቹ ይለማመዳሉ። በመጨረሻም በሻይ ቤት ወይም በኳስ ሜዳ የሚሞክሩት የቤት ሥራ ይሰጣቸዋል። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ተዘጋጅቶ በብዙ አገሮች የተሞከረው ፒርስ የተባለ ሥልጠናም በዚህ ዓይነት አካሄድ ይሠራል። የዚህ ሥልጠና አንዱ መለያ ወላጆችም ጎን ለጎን መሠልጠናቸው ነው፤ በክፍል የተማሩት ነገር ቤት ካልተደገመ ቶሎ ይረሳልና።

የውጭውን መመሪያ እንዳለ መገልበጥ ግን አይበጅም። የውጭ መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ «ዐይን ለዐይን ተያይ» ይላሉ። በእኛ ባህል ታናሽ ታላቁን ትኩር ብሎ አለማየቱ ጨዋነት ነው። ኦቲዝም ያለበትን ታዳጊ ዐይን እንዲያይ ማስገደድ ጭንቀት ከመጨመር በቀር የሚያተርፈው ነገር የለም። የትምህርቱ ዓላማ ልጁ ኦቲዝም የሌለበት መስሎ እንዲታይ ማድረግ ሊሆን አይገባም። ዴሚየን ሚልተን የተባለው፣ ራሱም ከኦቲዝም ጋር የሚኖር ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2012 እንዳስገነዘበው አለመግባባቱ ከሁለቱም ወገን ነው። እሱ እኛን መረዳት እንደሚቸግረው ሁሉ እኛም እሱን መረዳት ይቸግረናል። ስለዚህ የክፍል ጓደኞቹም በግልጽ ቋንቋ መናገርን፣ መልስ እስኪሰጥ መታገሥን፣ አለማሾፍን መማር አለባቸው።

ከሁሉ በፊት ሊታሰብበት የሚገባው የደኅንነት ጉዳይ ነው። የሰው ሐሳብ ማንበብ የሚቸግረውን ታዳጊ «ጓደኛህ ነኝ» ብሎ ማታለል፣ ገንዘቡን መውሰድና ለጥቃት መዳረግ ቀላል ነው። «እምቢ» ማለትን፣ ሰውነቱን ማንም ያለ ፈቃዱ እንዳይነካው፣ ችግር ሲገጥመው ለየትኛው መምህር መናገር እንዳለበት በስም ጠቅሶ ማስተማር ከሰላምታ ትምህርት ይቀድማል።

ሌላው ትኩረት የሚሻው ጉዳይ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት መጀመሩ ይታወቃል። በዕለት ልምዱ ለሚጽናና ተማሪ አዲስ መኝታ፣ ረጅም የምግብ ሰልፍና የማያውቀው ሕዝብ፣ ያጠናውን ሊያስረሱት ይችላሉ። አስቀድሞ ፎቶግራፍ ማሳየት፣ ከተቻለ ግቢውን ማስጎብኘት፣ የቀኑን ፕሮግራም በወረቀት ጽፎ መስጠትና ከሚያውቀው ተማሪ ጋር እንዲያድር ማድረግ ውጤቱን ሊታደግ ይችላል።

በዚህ ረገድ በሀገራችን የተደከመበት መሠረት አለ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ውስጥ የመሠረቱት ጆይ የኦቲዝም ማዕከል ፈር ቀዳጅ ነው፤ እሳቸው በ2021 ቢያርፉም ሥራቸው ለብዙዎች በር ከፍቷል። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም ተከትሎ መጥቷል። ሆኖም ሁለቱም ያሉት ከዱብቲ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ላይ ነው። አዲስ አበባ በሚገኙ ሁለት ክሊኒኮች 102 አሳዳጊዎች ተጠይቀው እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት፣ 74 ነጥብ 5 በመቶ የሚሆኑት ከሁሉ በላይ የጎደላቸው ለልጃቸው የሚሆን ትምህርት መሆኑን ተናግረዋል። በመዲናዋ ይህ ከሆነ በክልል ከተሞች ያለው ክፍተት ሊከፋ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 ስታጸድቅ አካታች ትምህርት ለመስጠት ቃል ገብታለች። ቃሉ በተግባር እንዲታይ የክልል ትምህርት ቢሮዎች በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ቢያንስ አንድ መምህር በልዩ ፍላጎት ትምህርት ሊያሠለጥኑ ይገባል። ርዕሳነ መምህራን ለሳምንታዊው ቡድን ክፍልና ሰዓት ይመድቡ። የጤና ተቋማት የተጠረጠረን ታዳጊ መርምረው ወደ ባለሙያ ይላኩ። ወላጆችም ልጃቸውን ከሰው ከመሰወር ይልቅ መምህሩን ቀርበው ያነጋግሩ፤ ልጁ ምን እንደሚያስጨንቀው፣ ምን እንደሚያረጋጋው ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። አንድ ታዳጊ ከ12ኛ ክፍል ሲወጣ ውጤቱን የሚገልጽ ወረቀት ብቻ ሳይሆን ቢያንስ አንድ እውነተኛ ጓደኛ ይዞ እንዲወጣ ማድረግ የሁላችንም ኃላፊነት ነው።