የፋብሪካው ከርነል ሲመለስ የአያት ድምፅ እንዳይጠፋ



በዚህ ወር የምናነሣው ጉዳይ ላይ ላዩን ሲታይ የሞባይል ጠጋኞችን ብቻ የሚመለከት ይመስላል። ነገር ግን ሳያውቁት በብዙ ቤተሰብ ቤት የገባ ችግር ነው። ይኸውም ውስጡ በሰው እጅ ተነክቶ፣ ከፋብሪካ ይዞት የወጣው ከርነል በሌላ ተለውጦ የተሸጠን የአንድሮይድ ታብሌት ወደ ቀድሞ ሁኔታው ስለ መመለስ ነው።

ጉዳዩን እንዳነሣው ምክንያት የሆነኝ መተማ ዮሐንስ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ናት። ልጆቿ የሚማሩበት አንድ የሳምሰንግ ታብሌት አላት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥ ሰው የገዛችው ነው። ገና ከመጀመሪያው ይሞቅ ስለነበር ባለቤቷ በዚያው ሳምንት ሪሴት አድርጎት ነበር፤ ለውጥ ግን አላመጣም። ባለፈው በጋ ጨርሶ ባሰበት። ቀትር ላይ እንደ ምጣድ ይግላል፤ ቻርጅ ሲደረግ 60 በመቶ ላይ ይቆማል፤ ልጆቹ ትምህርት ከፍተው ሳለ ራሱን አጥፍቶ ይነሣል።

ወደ አንድ ጠጋኝ ወሰደችው።

«እናቴ፣ ሪሴት ላድርገው፤ ሌላ መድኃኒት የለውም» አላት።

«በውስጡ ያለው የሐጂ ድምፅስ?»

«እሱማ ይጠፋል።»

ሐጂ የምትላቸው የልጆቿን አያት፣ የባለቤቷን አባት ነው። አሁን በሕይወት የሉም። ከማረፋቸው በፊት ወደ ቆላው እንዴት እንደ ወረዱ፣ የመጀመሪያውን የሰሊጥ ማሳ እንዴት እንዳቀኑ ለልጅ ልጆቻቸው ሲተርኩ፣ ትልቋ ልጅ በዚሁ ታብሌት ቀድታቸው ነበር። ሌላ ቅጂ የለም። እህቴም ዕቃዋን ይዛ ተመለሰችና ደወለችልኝ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ጠጋኙ ያላት እውነት ነውን? ሪሴት ቢደረግ ይድን ነበርን?

ከርነል ምን ይሠራል?

አንድሮይድ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ በጀመረው ሊኑክስ በተባለው ከርነል ላይ የተገነባ ነው። ከርነል ማለት በዕቃው አካልና በምናያቸው ፕሮግራሞች መካከል የቆመ አዛዥ ነው። ፕሮሰሰሩ በምን ያህል ፍጥነት እንዲሮጥ፣ ባትሪው መቼ እንዲሞላና መቼ መሙላት እንዲያቆም፣ ሙቀት ሲጨምር ሥራው እንዴት እንዲቀንስ፣ ዋይፋዩና ስክሪኑ እንዴት እንዲታዘዙ የሚወስነው እርሱ ነው።

የመተማ ሰው በትራክተርና በአይሱዙ ምሳሌ ይረዳዋል። የናፍጣ ፖምፓው ከፋብሪካ ተመጥኖ ይመጣል። አንዳንድ ሾፌር ጉልበት እንዲጨምርለት ፖምፓውን ያስነካዋል። መኪናው ለጊዜው ይፈጥናል፤ ግን ያጨሳል፣ ይሞቃል፣ ዕድሜውም ያጥራል። የታብሌትን ከርነል የሚለውጡ ሰዎችም ብዙ ጊዜ የሚሹት ይህንኑ ነው፤ ፋብሪካው ከወሰነው ፍጥነት በላይ ማስሮጥ፣ ሙቀት ሲመጣ ቀንስ የሚለውን ልጓምም ማላላት።

በደጋ አገር ይህ ለጊዜው ላይታወቅ ይችላል። መተማ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የቀን ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያልፍባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። አምራቾች ለእነዚህ ዕቃዎች የሚመክሩት የአካባቢ ሙቀት ደግሞ በአብዛኛው እስከ 35 ዲግሪ ድረስ ነው። ሊቲየም ባትሪ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ቻርጅ መቀበል እንዲያቆም ይደረጋል፤ ይህ ለደኅንነቱ ነው። ስለዚህ የእህቴ ታብሌት 60 በመቶ ላይ መቆሙ የባትሪው ጥፋት አልነበረም። ባትሪው ራሱን ከሙቀት እየጠበቀ ነበር።

ሪሴት የማይደርስበት ክፍል

የታብሌት ውስጥ እንደ ቤት በክፍል የተከፋፈለ ነው። ፎቶው፣ ድምፁ፣ የጫንናቸው ፕሮግራሞች በአንድ ክፍል ይቀመጣሉ። አንድሮይድ ራሱ በሌላ ክፍል ነው። ከርነሉ ደግሞ ቡት በሚባል ለብቻው በተዘጋ ትንሽ ክፍል ይቀመጣል።

ፋክተሪ ሪሴት የሚባለው ሥራ የሚያጸዳው የመጀመሪያውን ክፍል ነው። ስሙ ፋብሪካን ቢጠራም ቡት የተባለውን ክፍል አይነካም። የተለወጠ ከርነል ያለበት ታብሌት 10 ጊዜ ሪሴት ቢደረግ ከርነሉ እንደተለወጠ ይቀራል፤ የሚጠፋው የቤተሰቡ ንብረት ብቻ ነው። ያ ጠጋኝ ክፋት አስቦ አይደለም፤ ግን መድኃኒቱ ለበሽታው አልነበረም። ሐጂ ድምፃቸው ይጠፋ ነበር፤ ታብሌቱም መሞቁን ይቀጥል ነበር።

በአንጻሩ የቡትን ክፍል ብቻ ለይቶ የፋብሪካውን ከርነል መመለስ ፎቶና ድምፅን ሳይነካ ሊከናወን ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ከምንለው ሁሉ አንባቢ አንድ ነገር ብቻ ይያዝ ቢባል ይህንን ይያዝ።

መነካቱ እንዴት ይታወቃል?

የእህቴን ታብሌት ሳበራው የሳምሰንግ ምልክት በሚታይበት ሰዓት በግራ በኩል ከላይ ጥግ ላይ ትናንሽ ባለ ቀለም ፊደላት ብቅ አሉ። ከርነሉ የፋብሪካው አለመሆኑን የሚናገሩ ናቸው። ልጆቹ ለዓመታት አይተዋቸዋል፤ «ሁልጊዜ እንዲህ ነው፣ አጎቴ» አሉኝ። ሁለተኛው ምልክት በሴቲንግ ውስጥ ስለ ታብሌቱ የሚናገረው ገጽ ነው። ከርነል ቨርዥን በሚለው መስመር ላይ የፋብሪካው ያልሆነ እንግዳ ስም ከተጻፈ ለዋጩ ፊርማውን ትቷል ማለት ነው። በዚያው ገጽ ያለው ቢልድ ነምበር ደግሞ በወረቀት ላይ ፊደል በፊደል መገልበጥ አለበት።

የወንጪ ልጆች ነገር

እዚህ ላይ አንዳንድ ወጣት አንባቢ «ታዲያ ዕቃ መፍታትና መመርመር ክልክል ነውን?» ይል ይሆናል። አይደለም። በአገራችን የታየ አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ የተባለው ድርጅት በኦሮሚያ ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች ማንበብ ለማያውቁ ልጆች፣ በእያንዳንዱ መንደር 20 ገደማ የሞቶሮላ ዙም ታብሌቶችን በታሸገ ካርቶን ሰጠ። አስተማሪም መመሪያም አልነበረም። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት እንደ ተናገረው፣ በ4 ደቂቃ ውስጥ አንድ ልጅ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ። በ5 ወራት ውስጥ ደግሞ ልጆቹ እንዳይለወጥ የተቆለፈውን ገጽ እንደየምርጫቸው አድርገው፣ በስሕተት ተዘግቶ የነበረውን ካሜራም ከፈቱ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ልጅ ይመረምራል፤ ይህ ጸጋ እንጂ ጥፋት አይደለም። ሁለተኛ፣ እነዚያ ልጆች የነኩት የላይኛውን የፕሮግራም ክፍል እንጂ ከርነሉን አልነበረም፤ የተበላሸ ነገር ቢኖር እንኳ በቀላሉ የሚመለስ ነበር። በተጨማሪም የድርጅቱ ሰዎች በየሳምንቱ እየመጡ ሚሞሪ ካርዱን ይለውጡ ስለነበር የተሠራው ሁሉ በሌላ ቦታ ይቀመጥ ነበር። የእህቴ ቤት የጎደለው ይህ ቅጂ ነው።

ከርነልን መለወጥም በራሱ ነውር አይደለም። የሊኑክስ ከርነል የሚሰራጭበት ፈቃድ ማንም እንዲያየውና እንዲያሻሽለው ይፈቅዳል። ነውሩ ለውጦ ሳይናገሩ መሸጥ ነው። ነጋዴ የዕቃውን ጉድለት ለገዢ መግለጽ እንዳለበት ደግሞ ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አያሻም።

ያደረግነው በቅደም ተከተል

መጀመሪያ ድምፁን አዳንን። ታብሌቱ ቀትር ላይ ስለሚጠፋ ከፈጅር ሰላት በኋላ አየሩ ሳይሞቅ በኬብል ከላፕቶፕ ጋር አገናኘነው። ፋይሎቹን በአንድ ጊዜ ሳይሆን በጥቂት በጥቂቱ ገለበጥን። አንዱን ቅጂ በላፕቶፑ፣ ሁለተኛውን በሚሞሪ ካርድ አስቀምጠን፣ እያንዳንዱን ከፍተን አዳመጥን። ከፍተው ያላዩት ቅጂ ቅጂ አይባልም። እህቴ የሐጂን ድምፅ ከላፕቶፑ ስትሰማ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች።

ቀጥሎ ባትሪውን ከግማሽ በላይ ሞላን። ሥራውንም በላፕቶፕ እንጂ በዴስክቶፕ ኮምፒውተር አላደረግነውም፤ ፋይሉ እየተጻፈ ሳለ መብራት ድንገት ቢጠፋ ታብሌቱ ሊበላሽ ይችላልና።

ከዚያ የፋብሪካውን ፋይል ማግኘት ነው። ለጎግል ምርቶች ኩባንያው ራሱ ፋይሉን በይፋ ያወጣል፤ ፋስትቡት በተባለው መሣሪያም የቡትን ክፍል ብቻ መጻፍ ይቻላል። ለሳምሰንግ ግን ብዙ ጠጋኞች የሚጠቀሙት ኦዲን የተባለውን የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። ሙሉው ፈርምዌር ከባድ ፋይል ነው። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር የሚያስታውስ ሰው፣ እንዲህ ያለውን ፋይል ኔትወርክ ባለበት አውርዶ በፍላሽ ማስቀመጥ ብልህነት መሆኑን አያጣውም። እኔም ከጎንደር ይዤ ነበር የወረድኩት።

ስሕተቴ እዚህ ላይ ነበር። የሞዴሉን ስም አረጋግጬ የቢልድ ነምበሩን የመጨረሻ ፊደላት ሳላስተያይ ቀረሁ። ታብሌቱን አጥፍተን የድምፅ መቀነሻውን፣ የሆምና የማብሪያውን ቁልፍ አንድ ላይ ይዘን ዳውንሎድ ሞድ ውስጥ ገባን። የቡትን ፋይል ብቻ ለይቼ ኤፒ በሚለው ቦታ አስገባሁ። ሪ-ፓርቲሽን የሚለው ላይ ምልክት አለመኖሩን አየሁ፤ እርሱ ከተነካ ክፍሎቹ ሁሉ ሊፈርሱ ይችላሉ። ኦዲን በአረንጓዴ አለፈ አለ። ታብሌቱ ተነሣ፤ ዋይፋዩ ግን አልበራ አለ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከርነሉና አንድሮይዱ የአንድ ቢልድ ካልሆኑ እንደ ተሳሳተ ቁልፍና ቀዳዳ ይሆናሉ። ዋይፋይ ይዘጋል፣ ስክሪን አልታዘዝ ይላል፣ ወይም ታብሌቱ እየተነሣ እየወደቀ ይቀራል። በማግስቱ ገንዳ ውኃ ሄጄ ትክክለኛውን አወረድኩ። በሁለተኛው ሙከራ ሁሉም በቦታው ገባ። እነዚያ ትናንሽ ፊደላት ከስክሪኑ ጠፉ፤ የከርነል ቨርዥኑ መስመርም እንግዳውን ስም ትቶ የፋብሪካውን ያዘ።

ሁለት ማሳሰቢያ እንጨምር። አንድሮይዱም ራሱ ተነክቶ ከሆነ የፋብሪካው ከርነል አልነሣ ሊል ይችላል፤ ያኔ ሙሉውን ፈርምዌር መጫን ያስፈልጋል። በሳምሰንግ ሙሉ ፈርምዌር ውስጥ ሲኤስሲ የሚለው ፋይል መረጃን ያጠፋል፤ ሆም ሲኤስሲ የሚለው ግን እንዲተርፍ የተዘጋጀ ነው። ሁለተኛ፣ ቡትሎደር በብዙ ዕቃዎች ሲከፈትም ሲቆለፍም መረጃ ያጠፋል፤ ያልተመለሰ ነገር እያለ መቆለፍ ደግሞ ታብሌቱን እስከ ወዲያኛው ሊዘጋው ይችላል። ስለዚህ ቅጂ ሳይኖር አይነካ።

ምን ተመለሰ? ምን አልተመለሰ?

ታብሌቱ አሁን ጠዋትና ማታ ሳይቆራረጥ ይሞላል። ቀትር ላይ ግን ያው መተማ ነውና ያርፋል። ትንሹ ልጅ «ጌሙ ዘገየብኝ» ብሎ አኩርፎብኛል፤ ልክ ነው፣ ፍጥነቱ ቀንሷል። ባትሪው በሙቀት ያጣው ዕድሜም አይመለስም። ኖክስ የሚባለው የሳምሰንግ መከላከያም አንድ ጊዜ የፋብሪካው ያልሆነ ከርነል ሲያይ ምልክቱን ይለውጣል፤ የፋብሪካው ቢመለስም ምልክቱ እንደ ተለወጠ ይኖራል። የተነካ ዕቃ ሙሉ በሙሉ እንዳልተነካ አይሆንም።

ወጣት ወንድሞቼና እህቶቼ፣ መርምሩ፣ ፍቱ፣ ተማሩ። ከመንካታችሁ በፊት ግን የነበረውን አስቀምጡ፤ የሚመለስበትን መንገድ ካወቃችሁ በኋላ ክፈቱ። ወላጆችም ያገለገለ ታብሌት ስትገዙ ሻጩ ፊት አጥፍታችሁ አብሩት፤ ሲነሣ ጥጉን ተመልከቱ። ዛሬ ማታም በየቤታችሁ ያለውን የአያትና የእናት ድምፅ ሁለተኛ ቦታ ገልብጡት።

የሐጂ ድምፅ አሁን በሦስት ቦታ አለ። አላህ ይዘንላቸው።