የአፈሙዝ ብዛትና የተሸካሚው ትከሻ

ጠመንጃ አፈሙዙ በበዛ ቍጥር ኃይሉም በዚያው ልክ የሚበዛ የሚመስላቸው ሰዎች ብዙዎች ናቸው። የእኔ አሳብ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ እግረኛ ወታደር የሚተኵስበት ትከሻ አንድ፥ ጕልበቱም የተወሰነ ነውና።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1780 ገደማ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሄንሪ ኖክ የሠራውን ባለ ሰባት አፈሙዝ ጠመንጃ ለመርከበኞቹ አስታጠቀ። ምላጩ አንድ ጊዜ ሲሳብ ሰባቱም ባንድነት ይተኵሳሉ። ነገር ግን ርግጫው የተኳሹን ትከሻ ይጐዳ ነበር፤ እሳቱም የመርከቡን ሸራ እንዳያቃጥል ያሠጋ ነበር፤ ሰባቱን እንደ ገና ማጕረስም ብዙ ጊዜ ይፈጅ ነበር።

ኢጣልያም በ1915 ቪላር ፔሮሳ የተባለ ባለ ሁለት አፈሙዝ መትረየስ አወጣች። እያንዳንዱ አፈሙዝ 25 ጥይት የሚይዘውን ካርታ ከሁለት ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። ታዲያ ያን ሁሉ ጥይት ተሸክሞ የሚከተል ማን ነው? በ1918 ጣልያኖች ራሳቸው መሣሪያውን ለሁለት ከፍለው ባለ አንድ አፈሙዝ፥ ባለ እንጨት ሰደፍ ጠመንጃ አደረጉት።

ብዙ አፈሙዝ ፈጽሞ አይረባም ማለቴ አይደለም። አሜሪካዊው ጋትሊንግ በ1862 ያወጣው መሣሪያ አፈሙዙ ብዙ ነበር፤ የሚጓዘው ግን በመንኰራኵር እንጂ በሰው ትከሻ አልነበረም።

አባቶቻችን «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላሉ። እንግዲህ ነገ መሐንዲስ ለመሆን የምንመኝ ተማሪዎች ሁሉ፥ አዲስ ነገር ስናስብ «ምን ያህል ይሠራል?» ከማለታችን አስቀድመን «ማን ይሸከመዋል?» ብለን እንጠይቅ።