ጀልባው ወንዝ ይቀይራል፤ ገበሬውስ?

በፔሩ ኩስኮ ከተማ ማለዳ ሚኒባስ ተሳፍሮ ለራፍቲንግ የሚወጣ ቱሪስት፣ መቅዘፊያ ከመጨበጡ በፊት ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ በመኪና ይጓዛል። የቪልካኖታን ወንዝ ከዚያ ባነሰ መንገድ ማግኘት ይቻላል። ታዲያ መኪናው ቀረብ ያለውን ውሃ ትቶ ሽቅብ የሚጓዘው ለምንድን ነው? ብሎ የሚጠይቅ ተሳፋሪ ግን ብዙ አይደለም።

መልሱ ራሱ መንገዱ ላይ አለ። ከኩስኮ ሲወጣ መንገዱ ሁዋታናይ የሚባለውን ትንሽ ወንዝ ተከትሎ ይወርዳል። በተጠበሰ የአሳማ ሥጋዋ የምትታወቀው ሳይያ ታልፋለች፤ ትልልቅ ዳቦ የምትጋግረው ኦሮፔሳም እንዲሁ። ተሳፋሪው ዳቦውን ፎቶ ሲያነሳ፣ ከአስፋልቱ ወዲያ የሚፈሰው ሁዋታናይ ከ400 ሺህ በላይ ሕዝብ ያላትን ከተማ ፍሳሽና ቆሻሻ ተሸክሞ ይሄዳል። ማጣሪያ ጣቢያ አለ፤ ከየቤቱና ከየሆቴሉ የሚወጣው ሁሉ ግን እዚያ አይደርስም። ሁዋምቡቲዮ የሚባል ቦታ ላይ ሁዋታናይ ቪልካኖታ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በታች ያለው ወንዝ፣ ዓለም ኡሩባምባ ብሎ የሚያውቀው፣ በፒሳክና በኦያንታይታምቦ በኩል አድርጎ ማቹ ፒቹ ሥር ይደርሳል።

የቀን ጉዞ አዘጋጆች በብዛት የሚመርጡት ከዚህ መገናኛ በላይ ያለውን፣ በኩሲፓታና በቹኪካዋና አካባቢ የሚወርደውን ውሃ ነው። ሞገዱ እዚያ የተሻለ መሆኑ እውነት ነው። ሌላው ምክንያት ግን ንጽሕና ነው። እሱም ቢሆን ከታችኛው ጋር ሲወዳደር እንጂ፣ ከላይም እንደ ሲኩዋኒ ያሉ ከተሞች አሉ።

ቀኑ ራሱ ግሩም መሆኑን መካድ አያስፈልግም። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ እጅ የሚያደነዝዝ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ፣ ስድስትና ሰባት የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ የጎማ ጀልባ ጠርዝ ላይ ይቀመጣሉ። አስጎብኚው ከኋላ ሆኖ "ወደፊት!" "ወደኋላ!" "አቁም!" ይላል። ከመነሳታቸው በፊት አንድ ነገር ደጋግሞ ነግሯቸዋል፦ ውሃ ውስጥ ከወደቃችሁ ለመቆም አትሞክሩ፤ በጀርባችሁ ተንሳፈፉ፣ እግራችሁን ወደ ውሃው መውረጃ አድርጉ፣ ገመድ ሲወረወርላችሁ ያዙ። እግሩ ድንጋይ መሐል የተቀረቀረበትን ሰው ጉልበት ሳይሆን የውሃው ግፊት ነው የሚያሸንፈው። በአነስተኛ ካያክ አጠገባቸው የሚቀዝፍ አዳኝም አለ። በዚህ ሥራ የአካባቢው ልጆች፣ ሾፌሮችና ምግብ አብሳዮች እንጀራ ይበላሉ።

ችግሩ የሚጀምረው የቱሪዝም ሰዎች አንድ እርምጃ አልፈው "ራፍቲንግ ወንዝን ይጠብቃል" ሲሉ ነው። ሐሳቡ ያምራል። ወንዙ ገንዘብ ካመጣ ባለቤት ያገኛል፣ ባለቤት ያለውን ደግሞ ማንም አያበላሸውም ነው ነገሩ። ያየነው ግን ይህን አይደለም።

ቺሌን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1973 የኛን ኦሞ ወንዝ በጎማ ጀልባ በመውረድ ሥራ የጀመረ ሶቤክ የሚባል የአሜሪካውያን ድርጅት አለ፤ ስሙን የወሰደው ከጥንታዊ ግብፆች የአዞ አምላክ ነው። ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1978 ከአንዲስ ተራሮች የሚወርደውን ቢዮቢዮ ወንዝ ቀዝፎ ለዓለም አስተዋወቀ። ከየአገሩ ቀዛፊዎች መጡ፣ ወንዙ ዝነኛ ሆነ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1996 የፓንጌ፣ በ2004 ደግሞ የራልኮ ግድብ ሥራ ጀመሩና ያ ሁሉ ሞገድ ሐይቅ ሥር ተኛ። ክርክሩ ግድብ ሁሉ ክፉ ነው የሚል አይደለም፤ መብራት ለሌለው ሕዝብ ግድብ ምን እንደሆነ የኢትዮጵያ አንባቢ አስረጂ አይፈልግም። ነጥቡ ከዚያ በኋላ ማን ወዴት ሄደ የሚለው ነው። ቀዛፊዎቹ ሌላ ወንዝ ፈለጉ፤ ደግሞም አገኙ። የፔዌንቼ ተወላጆቹ ግን ተነሱ። መሬታችንን አንለቅም ብለው ለዓመታት ከታገሉት አንዷ ወይዘሮ ኒኮላሳ ኪንትሬማን እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ሕይወታቸው አልፎ የተገኙት እዚያው የራልኮ ሐይቅ ውስጥ ነው።

ኩስኮ ላይ ጉዳዩ የግድብ አይደለም፣ ነገሩም እንደዚያ አያስለቅስም። አካሄዱ ግን ያው ነው፤ የታችኛው ውሃ ቢቆሽሽ ሚኒባሱ ወደ ላይ ይሄዳል። በፒሳክ፣ በካልካና በኡሩባምባ ዳርቻ ያ ታዋቂ ባለ ትልልቅ ፍሬ ነጭ በቆሎ የሚያበቅለው ገበሬ ግን ማሳውን ጠቅልሎ ሽቅብ አይወጣም።

ጊዜውም አይረዳውም። ቱሪስት የሚጎርፈው ዝናብ በሌለባቸው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት ነው። ሆቴሎች ሲሞሉ ፍሳሹ ይጨምራል፤ ወንዙ ደግሞ የሚቀንሰው ያኔ ነው። በእነዚህ ወራት ወንዙን ከሚደግፉት አንዱ ከቪልካኖታ ተራራ ሰንሰለት የሚቀልጠው የበረዶ ግግር ሲሆን፣ እሱም ከዓመት ዓመት እየሳሳ ነው። የሚያቀጥነው ውሃ ሲያንስ ያው ቆሻሻ ይወፍራል።

ስለዚህ በዓመት አንዴ ጓንት አጥልቆ ከዳርቻው ፕላስቲክ መልቀም፣ ፎቶ ተነስቶም መበተን መልስ አይሆንም። ከእያንዳንዱ የራፍቲንግና የሆቴል ክፍያ ላይ የታወቀ ድርሻ ተቆርጦ ለፍሳሽ ማጣሪያና ለቧንቧ መዋል አለበት፤ ደረሰኙ ላይም በግልጽ ይጻፍ። አስጎብኚዎቹ በየቀኑ ወንዙ ላይ ናቸው፤ ውሃው ቀለሙን ሲቀይር፣ ሽታ ሲያመጣ ከማንም መሥሪያ ቤት ቀድመው ያያሉ። ያዩትን የሚቀበል፣ ተቀብሎም የሚጠይቅ አካል ያስፈልጋቸዋል። ዋጋ ይወደዳል የሚል ይኖራል። ይወደድ! ከሌላ አህጉር የአውሮፕላን ትኬት ገዝቶ የመጣ ሰው፣ ሲታጠብ የተጠቀመበት ውሃ የት እንደሚሄድ የሚያሳስበውን ጥቂት ሶል መክፈል አያቅተውም።

ከሰዓት በኋላ፣ ምሳው ተበልቶ እርጥቡ ልብስ ተቀይሮ፣ ሚኒባሱ በመጣበት ይመለሳል። አብዛኛው ተሳፋሪ ደክሞት ተኝቷል። ኦሮፔሳ ታልፋለች፣ ሳይያም ታልፋለች፤ ሁዋታናይ በተቃራኒ አቅጣጫ ይወርዳል። ኩስኮ ሲደርሱ ሁሉም መጀመሪያ የሚያደርገው ሙቅ ሻወር መግባት ነው።