የመጨረሻው ክፍል አለቀ፤ የልጆቹ ፍርሃትስ?

«ዘ ኮንጁሪንግ» በመባል የሚታወቀው ተከታታይ አስፈሪ ፊልም የመጨረሻ ክፍል የሆነው «ላስት ራይትስ» በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች መታየት የጀመረው ነሐሴ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር። ስያሜው ሊሞት ለተቃረበ ሰው የሚደረገውን የስንብት ጸሎት ያመለክታል። ከዚያ ወዲህ ፊልሙ በፍላሽና በስልክ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ሐዋሳ ገብቷል፤ ከሐዋሳም አልፎ ቱላ ደርሷል። በቱላ እናቶች የቡና ሰዓት ላይ ስለዚህ ፊልም የተነሣው ክርክር ቤተሰብን በብርቱ የሚመለከት ሆኖ ስላገኘነው የዛሬው ጽሑፋችን በዚሁ ላይ ያተኩራል።

ፊልሙን ላላዩ አንባብያን ጥቂት እንበል። ተከታታዩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ጄምስ ዋን በተባለው ዳይሬክተር ነው። ባለታሪኮቹ ኤድና ሎሬይን ዋረን የሚባሉ፣ በእርግጥ በአሜሪካ የነበሩ ባልና ሚስት ሲሆኑ፣ ኤድ እ.ኤ.አ. በ2006፣ ሎሬይን ደግሞ በ2019 ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ሥራቸው እርኩስ መንፈስ አስቸገረን የሚሉ ሰዎችን ቤት እየዞሩ መመርመር ነበር። በፊልሙ የሁለቱን ቦታ ይዘው የተጫወቱት ፓትሪክ ዊልሰንና ቬራ ፋርሚጋ ናቸው። ከአራቱ ዋና ዋና ፊልሞች ሌላ ስለ አናቤል አሻንጉሊትና ስለ መነኩሲቷ የተሠሩ ቅርንጫፍ ፊልሞችም አሉ። የመጀመሪያው ክፍል ሲወጣ የተወለደ ሕፃን የመጨረሻው ሲወጣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኗል ማለት ነው።

በዚህኛው ክፍል ልጃቸው ጁዲ አድጋ ልትዳር ተቃርባለች፤ አባትየው ልቡን ታሟል፤ ባልና ሚስቱም ከሥራቸው ገለል ብለዋል። ይሁንና እናቷ ነፍሰ ጡር ሳለች ያጋጠማቸው አንድ ክፉ መስታወት ከብዙ ዓመታት በኋላ በሌላ ቤተሰብ ቤት ይገኛል። የቀረውን ያየ ያውቀዋል። በአሜሪካ ብቻ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት 84 ሚሊዮን ዶላር ያህል ያስገባ ሲሆን፣ በዓለም ዙሪያ የተገኘው ገቢ ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆኗል። እንዲህ ያለ ገንዘብ የሚያስገኝ ነገር «የመጨረሻ» ነው ሲባል የምናምነው የገበያ ነጋዴ «የመጨረሻ ዋጋው ነው» ሲለን የምናምነውን ያህል ነው።

የተመልካቾች አስተያየት በየአገሩ ለሁለት ተከፍሏል። ቅር ያላቸው ወገኖች ፊልሙ እንደ መጀመሪያዎቹ አያስፈራም፣ ሁለት ሰዓት ከሩብ መጎተቱም ያሰለቻል፣ ባልና ሚስቱ መከራ ወደበዛበት ቤት የሚደርሱት ነገሩ ከተጋመሰ በኋላ ነው ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ እኛ የሄድነው ለመፍራት ሳይሆን ለመሰናበት ነው፤ ከዚህ ቤተሰብ ጋር ዓመታት ቆይተን ልጃቸውን ስትዳር ማየታችን እንባችንን አምጥቶታል በማለት ይመልሳሉ።

በቱላ የሰማነውም ከዚህ የራቀ አይደለም። ጎረምሶቹ «ምንም አላስፈራንም» እያሉ ይኩራራሉ። (እንዲህ የሚለው ጎረምሳ ማታ ከጓሮ ውሃ አምጣ ቢባል ታናሽ ወንድሙን አስከትሎ እንደሚሄድ እናቱ ነግራናለች።) ሴቶቹ ግን ስለ ሰይጣኑ ብዙም አላወሩም። የእነርሱ ወሬ ስለ ባልየው ነበር። ሎሬይን ሌላ ሰው የማያየውን አየሁ ስትል ባሏ አይስቅባትም፣ አብደሻል አይላትም፣ ሰው ፊት አያዋርዳትም። አንዲት የአራት ልጆች እናት ይህን አንሥታ፣ እኔ ራሴን አሞኛል ብዬ እንኳ የሚያምነኝ የለም፤ እሷ ግን ሰይጣን አየሁ ብትለው አመናት ብላ ጎረቤቶቿን አስቃለች። ሳቁ ካለፈ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ዝም ተባለ። በእኛ አስተያየት ስለ ፊልሙ ከተነገረው ሁሉ ይህን ያህል ነገሩን ያገኘ ሂስ አልሰማንም። ተመልካች ለአሥራ ሁለት ዓመት ተከታታዩን ሲጠብቅ የኖረው ለጭራቁ አይደለም፤ ጭራቁማ በየክፍሉ ይለዋወጣል። ያልተለወጡት ባልና ሚስቱ ናቸው።

ክርክሩ የጋለው «እውነተኛ ታሪክ ነው» በሚለው ላይ ነው። በፔንሲልቫኒያ ክፍለ ግዛት በዌስት ፒትስተን ከተማ ስመርል የሚባል ቤተሰብ መኖሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1986 ቤታችን ውስጥ እርኩስ መንፈስ አለ ብሎ አቤቱታውን በጋዜጣ ማሰማቱ እውነት ነው። ነገሩ እንደተባለው መሆኑን የሚያረጋግጥ ማስረጃ የለም ብለው የተከራከሩ ሰዎች በዚያው ዘመን መኖራቸውም እውነት ነው። እኛ በማንም እምነት ውስጥ ገብተን አንፈርድም። ነገር ግን የፊልም ሰዎች «እውነተኛ ታሪክ» ሲሉ ምን ያህል እንደሚጨምሩ ለማወቅ አናቤልን ማየት ይበቃል። በፊልሙ የምናያት አሻንጉሊት ፊቷ የተሰነጣጠቀ፣ ዓይኗ የፈጠጠ፣ እንደ ሸክላ ጠንካራ ናት። ዋረኖች ቤታቸው ያኖሯት እውነተኛዋ አናቤል ግን ቀይ የክር ፀጉር ያላት ተራ የጨርቅ አሻንጉሊት ናት፤ እናቶቻችን ከእላቂ ልብስ ሰፍተው ከሰጡን እምብዛም አትለይም። እንዲያ ሆና ብትቀርብ ቲኬት የሚገዛ ስላልነበረ ፊቷን ቀየሩላት።

እስከዚህ ያለው የአዋቂዎች ጨዋታ ነው። ዓምዳችንን ያሳሰበው የሚከተለው ነው።

በአሜሪካ እነዚህ ፊልሞች ዕድሜው ከ17 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ ሲኒማ ቤት ገብቶ እንዳያያቸው ገደብ የተደረገባቸው ናቸው። የመጀመሪያው ክፍል ይህ ገደብ የተጣለበት ደም ስለሚፈስበት ወይም ነውር ስላለበት አልነበረም፤ አስፈሪነቱ ብቻ በቂ ምክንያት ሆኖ ነው። ይሁንና ገደቡ የሚሠራው በር ያለው ሲኒማ ቤት ላይ ነው። አንድ ክፍል ቤት ተከራይቶ፣ አልጋውንና ቴሌቪዥኑን ከአንድ ግድግዳ፣ የልጆቹን ፍራሽ ከሌላው አድርጎ በሚኖር ቤተሰብ ዘንድ ለአዋቂ ብቻ የሚባል ፊልም የለም። ልጆቹ ተኝተዋል ተብሎ ፊልሙ ይከፈታል። ልጆቹ ግን አልተኙም። ብርድ ልብስ ተከናንበው ያዳምጣሉ።

ያዳምጣሉ ስንል ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። አስፈሪ ፊልም ግማሽ ጉልበቱ ድምፁ ነው። ረጅም ዝምታ ይሆናል፣ ወለሉ ሲጥ ይላል፣ የሰው ትንፋሽ ይሰማል፣ ከዚያም ሳይታሰብ ጩኸት ይወርዳል። አዋቂው ምስሉን አይቶ ደንግጦ ይስቃል። ድምፁን ብቻ የሰማ ልጅ ግን ምስሉን ራሱ ይሥላል፤ እርሱ የሚሥለው ደግሞ ዳይሬክተሩ ከሠራው የከፋ ነው፤ በገዛ ቤቱ ውስጥ፣ ከገዛ ፍራሹ አጠገብ የቆመ ነውና።

በቱላ ያነጋገርናት አንዲት እናት የዘጠኝ ዓመት ልጇ ፊልሙ ከታየበት ሌሊት ወዲህ ብቻዋን ግቢው ዳር ወዳለው መጸዳጃ አልሄድም ማለቷን፣ በመስታወቱ ላይ የእናቷን ነጠላ መጣሏን፣ ትታው የነበረውን ፍራሽ ማርጠብም እንደገና መጀመሯን ገልጻልናለች። ልጅቱ ሌሊት ብንን ብላ ስትጮህ የሰሙ ጎረቤቶች «ለክፏታል» አሉ። እዚህ ውሰጃት፣ እዚያ ውሰጃት ተባለ። ገንዘብ ተዋጣ። ማንም ግን ልጅቱ ምን ሰምታ እንደነበረ አልጠየቃትም። ልጅቱም የተባለውን ሰምታ ለካስ እውነት ነው ብላ አመነች፤ ፍርሃቷ በዛ። እንቅልፍ ያጣ ልጅ ደግሞ ይቃዣል፣ ዱካክም ሊይዘው ይችላል፤ ነቅቶ ሳለ ሰውነቱ አልንቀሳቀስ ሲለው ደረቴ ላይ ተቀመጠብኝ ይላል። ሐኪሞች ይህን ከእንቅልፍ መዛባት የሚመጣ ነው ብለው ያውቁታል።

እንዲህ ያለው ፍርሃት የአንድ ሳምንት ነው ብሎ መተው አይገባም። ጆአን ካንተር የተባሉት አሜሪካዊት ፕሮፌሰር ከአንዲት ባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጥናት ከተጠየቁት ተማሪዎች ከመቶ 90 ያህሉ በልጅነታቸው ወይም በጉርምስናቸው ባዩት አስፈሪ ነገር ብዙ ጊዜ የቆየ ፍርሃት አድሮባቸው እንደነበር ተናግረዋል። ሩብ ያህሉ ደግሞ ከዓመታት በኋላም አልለቀቃቸውም ነበር።

ታዲያ እናት ምን ታድርግ? እኚሁ ምሁር የደረሱበት ነገር ጠቃሚ ነው። ትንሽ ልጅን «ውሸት ነው፣ ፊልም ነው» ማለት ብዙም አይረዳውም። ዕድሜው ገና ነውና ቃሉ አይገባውም፤ የሚገባው እቅፍ፣ ሙቅ ወተት፣ የበራ መብራት፣ አጠገቡ የተኛ ሰው ነው። ከስምንት ዓመት ገደማ በላይ ለሆነው ግን ማስረዳት ይሠራል። ስታስረዱት በዝርዝር ይሁን። መነኩሲቷ ቦኒ አሮንስ የምትባል ተዋናይ ናት፤ ቀለም ተቀብታ ትጫወታለች፤ ሥራዋን ስትጨርስ ታጥባ ቤቷ ትገባለች በሉት። የጨርቋን አሻንጉሊት ታሪክም ንገሩት። ፍርሃቱ ሳምንታት አልፎት ካልለቀቀው፣ ወይም ልጁ ራሱን እየሳተ የሚወድቅና የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒት አለው። «ፈሪ» ብሎ መሳቅ፣ በተለይም ወንድ ልጅ ላይ፣ ዝም ያሰኘዋል እንጂ አያስተኛውም።

የቱላዋ እናት ልጇን ወደ ራሷ አልጋ ወስዳ ጥቂት ሌሊት አስተኛቻት። አንድ እሑድ ቀን ደግሞ በጠራራ ፀሐይ በሩን ከፍታ፣ ድምፁን ጨርሳ አጥፍታ፣ ልጅቱ ስትሰማው ካደረችው ውስጥ ጥቂቱን አሳየቻት። ሰዎቹ አፋቸውን ከፍተው ሲሮጡ አይታ ልጅቱ መጀመሪያ ዝም አለች፣ ቀጥሎ «ምን ሆነው ነው?» አለች፣ በመጨረሻም ሰልችቷት ወደ ጓደኞቿ ወጣች። ነጠላው ከመስታወቱ ላይ ወርዷል፤ መጸዳጃው ግን ገና ነው፣ አሁንም ታላቅ እኅቷ ትከተላታለች። በቤቱም ልጆች ከተጋደሙ በኋላ እንዲህ ያለ ፊልም እንዳይከፈት ስምምነት ተደርጓል። ባልየው የተስማማው ኳስ በዚህ ውስጥ አለመግባቱን ሁለት ጊዜ ጠይቆ ካረጋገጠ በኋላ ነው።